እስከ አንገቷ ድረስ

ሞባይል ገና ወደ እኛ ሳይደርስ፣ በደባርቅና በዳባት መካከል ኢንተርኔት ማለት እኔ ነበርኩ። ጉራ አይደለም። በአንድ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ፕሮጀክት ውስጥ ጸሐፊም፣ ሪፖርት አዘጋጅም፣ ሲያስፈልግ ችግኝ ቆጣሪም ሆኜ እሠራ ነበር። ዋናው ቢሮ እንደ ጡብ የሚከብድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ የኢንተርኔት አካውንት ሰጠኝና «ሪፖርቱን ካለሽበት ቦታ ሆነሽ በስልክ መስመር ትልኪዋለሽ» አለኝ። ካለሽበት ቦታ! ይህን ያለው ሰውዬ ሊማሊሞን ወርዶ አያውቅም። አዲ አርቃይ ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚሠራ ስልክ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ተንከራቶም አያውቅም።

ነገሩን ላላየው ላስረዳ። የስልኩን ገመድ ከስልኩ ትነቅልና ላፕቶፑ ጎን ትሰካዋለህ። ማሽኑ ራሱ ይደውላል። ከወዲያ ማዶ ሌላ ማሽን ሲያነሣ ሁለቱ መጮህ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎ ጅራቷን የተረገጠች ድመት የሚመስል ጩኸት፣ ከዚያ ዝም። ዝም ካሉ ተግባብተዋል ማለት ነው። አካውንቱ አንድ ነው፤ የትም ብሄድ ስሙም የይለፍ ቃሉም ያው ነው። የሚለያየው የምደውልበት ቦታ ነበር። ላፕቶፑ «ከየት ነው የምትደውለው?» እያለ ይጠይቃል፤ እኔም ለየቦታው ስም አውጥቼ ጠባዩን አስተምሬው ነበር። ደባርቅ፦ በመጀመሪያ ዜሮ ደውል፣ ያለዚያ የሆቴሉ መስመር አይወጣም። አዲ አርቃይ፦ መስመሩ እስኪመጣ ታገሥ። ዳባት፦ አንተ ምንም አትደውል፤ ሰው ይደውልልሃል።

ዳባት ያን ጊዜ ስልኩ ገና በማዞሪያ ነበር። ስልክ ቤት ትሄዳለህ፣ ማዞሪያዋ ላይ ለተቀመጠችው ሴትዮ የምትፈልገውን ቁጥር ትነግራታለህ፣ እሷ ጎንደርን ትጠራለች፣ መስመር ሲገኝ ገመዷን ቀዳዳው ውስጥ ትሰካና «ግባ፣ አናግር!» ትላለች። ጠዋት ጠርተህ ከሰዓት በኋላ ብታገኝ ተመስገን ነው። እያናገርክ ሳለህ ደግሞ መሀል ላይ ድምፅዋ ይገባል፦ «ጨረሳችሁ?» አልጨረስንም ካልክ ትተውሃለች። መልስ ካጣች ትነቅላለች። ሥራዋ ነው፤ ሰልፍ አለባት።

ጠባዬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቶሎ እቆጣለሁ፣ ቶሎም ይወጣልኛል። ያ ላፕቶፕ ግን በቁጣ ላይ ቁጣ ጨምሮብኛል። ሪፖርት ልኬ ስጨርስ እንደ አራስ ደክሞኝ ቡና ቤት የገባሁበት ቀን ብዙ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ አማርሬ ሳላበቃ፣ ያ ሽቦ ለአንድ ሰው ምን እንደነበር ያየሁት ዳባት ላይ ነው።

ቄሱ የመጡት በኅዳር ነው። ዳባት ካለው የችግኝ ጣቢያችን በር ላይ ቆመዋል፤ ጥምጥማቸው ነጭ፣ ጃንጥላቸው ብብታቸው ሥር፣ እግራቸው አቧራ በአቧራ። ደብራቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ገደሉ በኩል ነው፤ ሌሊት ቀድሰው በእግራቸው መምጣታቸው ነበር። ዘበኛው ወደ እኔ ጠቆማቸው።

«የስልክ ደብዳቤ የምትልኪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

መስቀላቸውን አሳለሙኝና ተቀመጡ። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት አወጡ። የኢሜይል አድራሻ ነበረባት። ፖስታ ቤት ወስደዋት ነበር አሉ፤ ሰውዬው ገልብጦ ገላብጦ አይቶ «የሣጥን ቁጥር የሌለው አድራሻ፣ አድራሻ አይደለም» ብሎ መለሰላቸው። ስንት ዘመን ይዘዋት እንደዞሩ አልጠየቅኋቸውም፤ እጥፋቷ ላይ ልትበጠስ ደርሳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች። አንዲት ሴት ልጅ ትታላቸው ሄደች፤ ያኔ ልጅቱ ገና ሮጣ የማትጠግብ ነበረች። ቄስ ሚስቱ ከሞተች ሌላ አያገባም፤ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። ይህን ማንም ያውቃል። የደብሩ ሰው «ይተዉትና ያግቡ አባ፤ ለዚህች ሕፃን ሲሉ እግዜርም አይቀየምዎትም» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን እንቢ አሉ። ታዲያ ሌሊት ማሕሌት ሲቆሙ፣ ሰዓታት ሲያደርሱ፣ ልጅቱን ማን ይያዝ? እናታቸው ይዛት ነበር፤ እሷም ዓይኗ ጠፋ፣ ቀጥላም አረፈች። በመጨረሻ ጎንደር አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ወሰዷት። ከዚያ በጉዲፈቻ የበረዶ አገር ሰዎች፣ ባልና ሚስት፣ መጥተው ተረከቧት። የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ሄደች። ወረቀቷን የሰጧቸው እነሱ ናቸው።

«ይኸው ነው» አሉኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔም ቶሎ ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

«ይበሉ ይንገሩኝ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ አዞረዋለሁ።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጻፊ። ይድረስ ለወንድሜና ለእኅቴ። ከተለያየን ጀምሮ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ለቸርነቱ ስፍር የሌለው አምላክ ይክበር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቤተ ሰቦቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ? ጎረቤቶቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ? ከብቶቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ?»

እዚህ ላይ እጄን አነሣሁ። «አባ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ከብት የላቸውም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ታዲያ ልጄ ወተቱን ከየት ነው የምትጠጣው?»

ከሱቅ ይገዛል አልኳቸው። እንዳላመኑኝ ፊታቸው ይናገራል። «ለማንኛውም ጻፊው» አሉ። «ባይኖራቸው እንኳ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።» ጻፍኩት፤ ምን ላርግ።

ከዚያ የመጡበት ነገር ላይ ደረሱ። ፎቶግራፍ እንዲልኩላቸው ፈለጉ። «አንገቷ ይታይ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ወዲያው ደግሞ «እሱን ግን አትጻፊው» አሉኝ።

«ለምን አንገቷን?»

«ማተቧን ነዋ። ክርስትና በተነሣች ቀን ያሰርኩላትን። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ክር፤ የገመድኩት ራሴ ነኝ። ስትሄድ አንገቷ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን በግልጽ አንጠይቃቸውም? ‹ማተቧ አለ ወይ?› ማለት እኮ አንድ መስመር ነው!» ቁጣዬ መጣ። እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም።

«እንዴ! ልጄን አሳድጉልኝ ብዬ በሰው እጅ ሰጥቼ፣ አሁን ደግሞ አንገቷን ልፈትሽ ልበላቸው? ይሉኝታ የለኝም?» መሬት መሬት እያዩ ቀጠሉ። «አየሽ ልጄ፣ እኔ ቅስናዬን ይዤ ልጄን ሰጠሁ። ያን ጊዜ ለሃይማኖቴ አደረግሁት ብዬ ነው። እሷ ያለማተብ ከቀረች፣ እኔ የያዝኩት ምኑን ነው?»

ጊዜም አልነበራቸውም። ከጥምቀት በኋላ ሊመንኑ ቆርጠዋል። አንድ መነኩሴ መጥቶ ይዟቸው ወደ ቆላው ገዳም ይወርዳል። ሰው ሲመነኩስ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ከዚያ ወዲያ ዘመድ ወገን፣ ልጅ ብሎ ነገር የለም። «ከዚያ በፊት ልወቀው» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ልጠይቅ አይገባኝም።»

ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ከደባርቅ ሄደ። መልሱ እስከ ገና ዋዜማ አልመጣም።

ደባርቅ ላይ የምጠቀምበት ስልክ የአንዲት ሆቴል ባለቤት ነበር። ሴትዮዋ ስልኳን የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከመቀነቷ የማትለይ፣ እኔን ግን እንደ ልጇ የምታይ ደግ ሰው ነች። ያን ጠዋት ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎታል፤ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ በትንፋሼ እያሞቅሁ መስመሩን ሰካሁ። ፉጨት፣ ድመት፣ ዝም። ገባሁ። መልሱ ተቀምጧል! ባልና ሚስቱ አጠር አድርገው ጽፈዋል፦ ልጅቱ ደኅና ናት፣ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ መዝፈን ትወዳለች፣ ስለ ከብቶቹ ስለጠየቁን በጣም ደስ ብሎናል፣ አንድ ድመት አለን። ፎቶግራፍ ከሥር አለ።

ፎቶውን ከፈትኩት። ያን ጊዜ ፎቶ እንደ ዛሬ ብቅ አይልም። እንደ መጋረጃ ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭኑ ይወርዳል፤ አንድ መስመር፣ እረፍት፣ ሌላ መስመር። በመጀመሪያ ነጭ ሆነ። አሁንም ነጭ። ተበላሽቶ ነው ብዬ ልዘጋው ስል የዛፍ ቅርንጫፍ ወጣ፤ ለካ በረዶ ነው። ቀጥሎ የተጎነጎነ ፀጉር መጣ። እዚህ ላይ ከጓዳ «ሃሎ? ሃሎ! ማነው እሱ የሚንጫጫው?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሆቴሉ ባለቤት ጓዳ ውስጥ በዚያው መስመር ላይ ያለውን ሁለተኛ ስልክ አንሥታ ነው። መስመሩ ተቆረጠ።

«እማማ! ስጠቀም አያንሡ አላልኩዎትም?»

«ውይ ልጄ፣ ሞት ይርሳኝ! የታመመች እኅቴ የምትደውል መስሎኝ እኮ ነው።»

ምን ትላታለህ? መልሼ ብደውል መስመሩ ጭራሽ ሞቷል። በነጋታውም፣ ከዚያ ወዲያም አልተነሣም። ፎቶው ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው፤ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ እንደገና ከበረዶው ይጀምራል።

ከገና በኋላ ሥራ ወደ አዲ አርቃይ ወሰደኝ። ሊማሊሞን ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ከዚያ ሹራቤን፤ ታች ስንደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ። አንድ የእህል ነጋዴ ስልኩን በደስታ ሰጠኝ፤ ስለ ልጅቱ ነግሬው ስለነበር ራሱ አጠገቤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። መስመሩ እንደ ልማዱ አስለፍቶ አስለፍቶ ገባ። በረዶው ወረደ። ዛፉ ወረደ። ፀጉሯ፣ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኖቿ። ትልልቅ፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ ዓይኖች። ነጋዴው «እሰይ! እሰይ!» ይላል። ከዓይኗ በታች አፍንጫዋ ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ድሮ የሞተ ነው፤ ከመብራቱ ጋር እኩል ጨለመ። ደሜ ፈላ። ነጋዴው ፊት ያልሆነ ነገር ተናግሬ ይሆናል፤ እሱም ስለ መብራቱ የባሰ ተናግሯል፣ ስለዚህ አላፈርኩም።

ጥምቀት በር ላይ ደረሰ። ጎንደር ብወርድ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በቀላሉ አየው ነበር። ግን ማየት ያለብኝ እኔ አይደለሁም፤ ቄሱ ናቸው፤ አትሜ እንዳላመጣላቸውም ደርሶ ለመመለስ ጊዜ አልቀረም። እሳቸው ደግሞ ታቦት ሊወጣ ሲል ደብራቸውን ትተው ጎንደር ሊሄዱ አይችሉም፤ ሌላ ቄስ የላቸውም። ሊመጡ የሚችሉት እስከ ዳባት ገበያ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረን ዳባት ነበር፤ የማዞሪያዋ ዳባት፣ ከሁሉ የምትብሰዋ።

በገበያው ቀን ቄሱ ከኔ ቀድመው ስልክ ቤቱ ደጃፍ ቆመው አገኘኋቸው። የደባርቁንና የአዲ አርቃዩን ነገርኳቸው። ፀጉሯ ተጎንጉኗል፣ ዓይኖቿ ደኅና ናቸው፣ አልኳቸው።

«አንገቷስ?»

«አልደረስንበትም አባ።»

«እሺ» አሉ። «ዛሬ እንደርሳለን።»

ስልክ ቤቱ ጢም ብሏል። የጤፍ ነጋዴዎች ጎንደር ሊደውሉ ተሰልፈዋል፤ አንዲት ሴት ዶሮዎቿን እግራቸውን አስራ ወለሉ ላይ አስቀምጣለች። ማዞሪያዋ ላይ ያለችውን ሴትዮ በሪፖርት አውቃታለሁ፤ ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ተናቁረናል። የኢንተርኔቱን አጭር ቁጥር ነገርኳት፣ ገመዴን በመስኮት አሳልፌ የስልክ ዳሱ ውስጥ ሰካሁ፣ ላፕቶፑን መብራት ላይ ሰክቼ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቄሱ ከኋላዬ ቆሙ። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየናል።

«ግቢ፣ አናግሪ!» አለችኝ ከወዲያ።

ፉጨት፣ ድመት፣ ዝም። በረዶው መውረድ ጀመረ። ዛፉ። ፀጉሯ። «ማነው የጎነጎናት?» አለች ዶሮ ሻጯ። «ጎበጥ አርጎባታል። ግን ሞክሯል።» ግንባሯ መጣ። ዓይኖቿ መጡ። ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። ቄሱ ዝቅ ብለው «የእናቷ ነው» አሉ፤ «ዓይኑ የእናቷ ነው።» አፍንጫዋ፣ ከዚያ አፏ። እየሳቀች ነው። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የላትም!

«ነቅላለች!» አሉ ቄሱ፤ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ ልጄ ጥርሷን ነቅላለች! ማን ጣራ ላይ ወረወረላት?»

ያን ጊዜ ጠቅ አለና ቆመ። መስመሩ ሞተ።

ተነሥቼ ማዞሪያዋ ዘንድ በረርኩ። «ምን አደረግሽ? ለምን ነቀልሽው?»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው? ‹ጨረሳችሁ?› ብዬ ገባሁ፣ ሰው የለም። ደግሜ ጠየቅሁ፣ እሽሽሽ ብቻ ነው። መስመሩ ተበላሽቶባችሁ በከንቱ እንዳይቆጥርባችሁ ብዬ ነቀልኩላችሁ!»

«ማሽን ነዋ! ማሽን ‹አልጨረስኩም› ብሎ ይመልስልሻል?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ሰው ሲያወራ ነው!»

ይህኔ ነው የገባኝ። ለካ ሪፖርት በምልክበት ጊዜ ስንቴ የተቆረጠብኝ፣ ስንት ጊዜ ዳባትን የረገምኩት፣ ለእኔ ብላ ነው። ልጮኽባት የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሰልፉ ግን ማጉረምረም ጀምሮ ነበር፤ «እኛስ?» ይላል አንዱ፣ «ቀኑ እኮ መሸ» ይላል ሌላው።

ቄሱ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እኔ ስለ ማተቡ ለማንም አልተናገርኩም፤ ምሥጢራቸው ነው። እሳቸው ግን ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ያ ይሉኝታቸው ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ለሴትዮዋ ነገሯት። ሚስታቸውን። ልጃቸውን። ሊመንኑ መሆናቸውን። «የቀረኝ አንገቷ ነው» አሏት። «አፏ ድረስ አይቻለሁ። ማተቧን ካየሁ ሌላ አልፈልግም። እባክሽ ልጄ።»

ሴትዮዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ገመዷን አነሣች። ጎንደር ላለችው ባልደረባዋ «እኅቴ፣ ያንን መስመር አሁን ስጭኝ፤ ነገ የፈለግሽውን እታዘዝሻለሁ» አለች። ሰካችው። ከዚያ እጇን ገመዱ ላይ ጭና ያዘችው፤ ይነቀላል ብላ ፈርታ ነው መሰለኝ። ሌላ ጥሪ ሲመጣባት «መስመር የለም!» ትላለች፤ ደግሞ ሲመጣባት «የለም አልኩ እኮ!» ትላለች። አንዱ የወረዳው አስተዳዳሪ ቢሮ ነበር ብላኛለች በኋላ። ከሰልፉ የወጣ ሰው የለም፣ ያጉረመረመም የለም። ሁሉም ዳሱን ከበው ቆሙ።

በረዶው ወረደ፣ ዛፉ ወረደ። ማንም አይተነፍስም። ፀጉሯን አለፍን። ዓይኖቿን አለፍን። ሁለቱን የጎደሉ ጥርሶች አለፍን። አገጯ መጣ። የቄሱ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ መጨበጣቸውን እሳቸው አላወቁም እንጂ ያምመኝ ነበር። አንድ መስመር። እረፍት። አንድ መስመር።

ቀይ ነገር መጣ።

«ማተቡ ነው!» ብሎ ጮኸ አንዱ ነጋዴ። ግን ክር አልነበረም። ሌላው መስመር ሲወርድም ቀይ ነው፣ ከዚያም ቀይ። ወፍራም የሱፍ ሻርፕ ነው። ከአገጯ ሥር ጀምሮ አንገቷን ሙሉ በሙሉ ዞሯታል፤ የቆዳዋ ቅንጣት እንኳ አይታይም።

«አይ!» አለች ዶሮ ሻጯ። «ሸፈኑት!»

ሁሉም አንድ ላይ ተነፈሰ። እኔማ ያንን ሻርፕ በጥርሴ ልበጣጥሰው ፈለግሁ። ይህን ሁሉ መንገድ፣ ይህን ሁሉ ልመና፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል! ዞር ብዬ ቄሱን ለማየት አፈርኩ። ምን ልበላቸው? እንደገና እንጻፍላቸው ልበል? መልሱ እስኪመጣ እሳቸው ገዳም ናቸው።

እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አነሡና ሳይነኩት፣ የሻርፑን ዙር ተከትለው በአየር ላይ ዞሩ።

«ብርድ ነው አይደል አገሩ?»

«አዎ አባ። በረዶ ነው።»

«ከኛ ውርጭ ይብሳል?»

«ይብሳል።»

«ጆሮዋ ሥር ድረስ ነው የጠመጠመችላት፤ ጫፉንም ከውስጥ መለሰችው፣ እንዳይፈታባት። ተመልከቺ፣ ሕፃን ልጅ ራሷ እንዲህ አትጠመጥምም። ይህ የእናት እጅ ነው።» ቀና አሉ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር፤ ፊታቸው ግን ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ፊት ነው፤ የሆነ ሸክም የወረደለት ሰው ፊት። «እናት አግኝታለች። እኔ ቅስናዬን ብተው አግብቼ ላመጣላት የነበረው ይህንኑ ነበር።»

«ማተቡስ አባ?» አልኩ፤ አፌን በያዝኩት ኖሮ።

«ያሰርኩለት አምላክ ያየዋል። እኔ ከሻርፑ ሥር ገብቼ ምን እሠራለሁ?» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ጻፊላቸው። ‹አንገቷን ስለሸፈናችሁላት እግዜር ይስጥልኝ› በያቸው። ይኸው ነው።»

«አባ፣ ፎቶው ገና ነው። ከወገቧ በታች አልወረደም። እግሯን፣ ጫማዋን...»

«ይበቃኛል።»

ያን ጊዜ በመስመሩ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። እንደ ወትሮው አልጮኸችም፤ ፈራ ተባ እያለች፣ እጇ አሁንም ገመዱ ላይ ነው።

«አባ... ጨረሳችሁ?»

ቄሱ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ልጅቱን አንዴ ደግመው አዩ።

«ጨርሰናል ልጄ» አሏት። «ንቀይው።»